ፍሬን የሌለው ሞተር

ጉደታና ባለቤቱ መታሰቢያ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አላቸው። እሱ የአርጆ ልጅ ነው፤ እሷ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ ከከተሙ ሰዎች የተወለደች። እንጀራቸው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ያገለገለ ብረት መቅረጫ ማሽን ነበር። ለቡና መፈልፈያና ለወፍጮ የሚሆን ማርሽ ያወጡበታል።

ማሽኑ መቁረጫውን ከሚያሽከረክረው ሌላ ሁለት ሞተር ብቻ ነበረው። አንዱ ጠረጴዛውን ግራና ቀኝ፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያስኬደዋል። መቁረጫው የተሰካበትን ከባዱን የማሽኑን ጭንቅላት ግን በየተራ እጀታ እያዞሩ በእጃቸው ነበር ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት። ጉደታ ለዚህም ሞተር ለመግጠም ካሰበ ቆይቷል። ጥልቀቱንም ኮምፒውተሩ ከያዘው ትከሻሽ ያርፋል ይላት ነበር።

ከአዲስ አበባ ያስመጣው ሞተር ሲደርስ ፍሬን የለውም። ጭንቅላቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የድሮው ዘንግ ጥርሱ ሻካራ ስለነበር ጭንቅላቱን ካቆሙት ቦታ ነክሶ ይይዘዋል። ከሞተሩ ጋር የመጣው አዲሱ ዘንግ ግን በትናንሽ ኳሶች ላይ የሚንሸራተት፣ በጣት ቢነኩት የሚዞር ነው። መታሰቢያ መብራት ቢሄድስ ምን ይይዘዋል ብላ ጠየቀችው። ጉደታ ፍሬን ያለው እስኪገኝ እንጠነቀቃለን ብሏት ገጠመው። የነቀምቴ መብራት በክረምት እንዴት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ከዚያ ወዲህ እሱ ሲሠራ ዓይኗ ከአምፖሉ አይነቀልም። ከማሽኑ ጭንቅላት ሥር የእንጨት ድጋፍ እንዲያደርግ ትለምነዋለች። አንዳንዴ ያደርጋል፣ አንዳንዴ ይረሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲያጉረመርም ጉደታ ሥራውን አቁሞ የብረት ፍቅፋቂ ሊጠርግ እጁን ከመቁረጫው ሥር አስገባ። ድጋፉ የለም። መታሰቢያ እጅህን አውጣ ልትለው አፏን ስትከፍት አምፖሉ ድርግም አለ። የማሽኑ ጭንቅላት ያለ ድምፅ ወረደ።

የጉደታ ቀኝ እጅ ጣቶች በመቁረጫውና በጠረጴዛው መሃል ተያዙ።

"አንሺው" አላት በቀጭን ድምፅ።

እሷ ግን ወደ ግድግዳው ሮጠች። መብራቱ አሁን ቢመጣ ሞተሩ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም። ዋናውን ማብሪያ አወረደችው፤ መውረዱን ደግማ ዳሰሰች። ከዚያ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ አምጥታ ዘንጉን በመፍቻው ነክሳ ያዘች። እዚያ ላይ ደርቃ ቀረች። የድሮው ዘንግ ወደ ቀኝ ሲዞር ነበር የሚያነሳው። አዲሱስ? ከተሳሳተች ጣቶቹን ታደቃለች።

"በየት በኩል ነው ጉዴ?"

"እኔንጃ" አለ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። "ጠፋብኝ።"

ፊቱን ፊቱን እያየች ወደ ቀኝ የፀጉር ያህል ነካችው። ፊቱ ተጨማደደ። መፍቻውን ሳትለቅ ወደ ግራ መለሰችው።

"ሱታ" አለ፣ ቀስ በይ ማለቱ ነው። "ሱታ፣ ሱታ።"

የማሽኑ ጭንቅላት ክብደት መፍቻውን ከእጇ ሊነጥቃት ይታገላል። ጥርሷን ነክሳ ያዘች። እጁን ሲያወጣ መፍቻውን ለቀቀችው፤ የማሽኑ ጭንቅላት ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደችው። ሁለት ጣቶቹ ተሰብረው ነበር። ዳኑ፣ ግን እንደ ድሮው አይታጠፉም።

ከቤት መውጣት ሲጀምር ሞተሩን ነቅሎ የድሮውን እጀታ ሊመልስ ተነሳ። መታሰቢያ ከለከለችው። በዚህ እጅህ እጀታ ልትጨብጥ ነው ወይ አለችው። ፍሬን ያለው ሞተር እስኪመጣ ማሽኑ ቆሞ ከረመ። ሲገጠም መብራቱን ራሷ ደጋግማ አጠፋች። የማሽኑ ጭንቅላት ካለበት ንቅንቅ አላለም።

እንዲያም ሆኖ ከዚያ ወዲህ እጁን ከመቁረጫው ሥር የሚያስገባ የለም። ፍቅፋቂውን የሚጠርጉት በረጅም ብሩሽ ነው፤ ጉደታ ሲጠርግ መታሰቢያ ትንፋሿን ይዛ ትቆማለች።