ለልብ ሕመምተኛ በድንገት አይነገርም

አየሁሽን በዚያ ሰሞን ግራ ያጋባት የሰው ደግነት ነው። ቢቸና ካሉት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ የልማት ሠራተኛ ናት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከማሳ ማሳ ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ኖራ፣ በ2003 ዓ.ም. መስከረም ላይ የልብ ሕመም አለብሽ ተባለች። ሐኪሙ "ዳገት መውጣት ካሁን በኋላ ይቅርብሽ፤ ልብሽ አይችለውም" ብሎ ወረቀት ጻፈላት። ወረቀቱን አያይዛ የቢሮ ሥራ እንዲሰጣት አመለከተች። መልሱ ከበላይ እስኪመጣ ድረስ ቢሮ ተቀመጪ አሏት።

መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። እየቆየ ግን ነገሩ ሁሉ ይወሳሰብባት ጀመር። ስትገባ የተጀመረ ወሬ ይቋረጣል። ፋይል ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ የመዝገብ ቤቷ ይርጋነሽ ቀድማ ትነጥቃታለች። ኃላፊው አቶ መንግስቴ፣ ሰው ሲቆጡ ገበያ ድረስ የሚሰሙት ሰውዬ፣ ከእሷ ጋር ሲሆኑ እንደ ንስሐ አባት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

"መልሱ መጣ ወይ?" ስትላቸው፣ "ይደርሳል እታለም፤ አንቺ ብቻ አትጨነቂ" ይሏታል።

ለማኝን እንኳ "እግዜር ይስጥህ" ብለው ቁርጡን ያሳውቁታል፤ ለእሷ ቁርጡን የሚነግራት ጠፋ። ምን አጥፍቼ ይሆን? አለች። ወይስ ልሞት ነው፤ ሐኪሙ ለእነሱ ብቻ የነገራቸው ነገር አለ? "አትጨነቂ" ባሏት ቁጥር ልቧ የባሰ ይመታል።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ፊቷን ሳትታጠብ፣ በሯ ተንኳኳ። አቶ መንግስቴ ጋቢ ደርበዋል፤ ይርጋነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ቄስ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ይዘዋል፤ ከኋላቸው የመሥሪያ ቤቱ ግማሽ ሰው ቆሟል። አየሁሽ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። እንዲህ ሆኖ የሚመጣ መርዶ ብቻ ነው፤ ሞጣ ካለችው እናቷ በቀር ደግሞ ማንም የላት።

"ተቀመጪ ልጄ" አሉ ቄሱ። "የሰው ልጅ ያሰበው ሁሉ አይሞላለትም። ኢዮብም ታግሧል።"

"አባ፣ እናቴ ሞታለች?"

"ኧረ እናትሽስ ደኅና ናቸው" አሉ አቶ መንግስቴ ደንገጥ ብለው። ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ። "ማመልከቻሽ ነው፤ አልተፈቀደም። ወደ ቦታሽ ተመለሽ ይላል፤ እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ነው። ለልብ ሕመምተኛ ክፉ ነገር በድንገት አይነገርም ብለን፣ እስክትጠነክሪ ጠብቀን፣ ከአባታችን ጋር ተማክረን ነው የመጣነው።"

አየሁሽ ሳቀች። እናቷ በሕይወት አለች። ሳቋ ራሷንም ገረማት።

"ተመስገን፣ ቻለችው" አለች ይርጋነሽ እንባዋን እየጠረገች።

አየሁሽ ደብዳቤውን ገልጣ አነበበች። ከግርጌው፣ ቅሬታ ያለው ደብዳቤው በደረሰ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ያቅርብ፣ ከዚያ ወዲያ ተቀባይነት የለውም ይላል። የደረሰበትን ቀን ከማኅተሙ ላይ አየች። ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ከመጣ ሦስት ሳምንት አልፎታል። እንግዲህ ያላት ምርጫ ዳገቱን መውጣት ወይም ሥራውን መተው ነው።

ሁሉም በስስት ፊት ፊቷን ያያሉ። የቀኑን ነገር አንዳቸውም ልብ አላሉትም። ክፋት የለባቸውም፤ ያናደዳትም፣ አፏን የያዛትም ይኸው ነው።

"ደኅና ነሽ?" አሉ አቶ መንግስቴ፣ በዚያው በዝቅተኛ ድምፃቸው።

"ደኅና ነኝ" አለች። በርጩማ ሳብ አድርጋ አቀረበችላቸው። "እስቲ መጀመሪያ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፤ የምነግርዎ አለ።"