የሌዊ ስእለት

ቅቤው በጉሎ ቅጠሉ ውስጥ ቀልጦ በመምህር ነጅሙዲን ጣቶች መሀል ይንጠባጠባል። ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ ሳቋን ለመዋጥ ትታገላለች። ባሏ ሌዊ ደግሞ አንዴ ቅቤውን፣ አንዴ እንግዳውን ያያል።

«እኛ የከብት ነገር አንበላም» አለ ሌዊ፣ ሻሸመኔ በለመደው አማርኛ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠ።

«ኧረ ለመብል አይደለም። ለራስህ ነው፤ ለፀጉርህ።»

ጥሩወርቅ ሳቋ አመለጣት። ራያ ውስጥ ወንድ ልጅ ፀጉሩን አሳድጎ ቅቤ ካልቀባ ወይ ሐዘን ላይ ነው፣ ወይ ላም የለውም። ነጅሙዲን ተወልዶ ያደገው እዚያው ቆቦ ነውና የጃማይካዎቹን ደረቅ፣ የተገመደ ፀጉር ገበያ ላይ ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባ ነበር። ደግሞስ ሰው ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል? ሮቢት ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ ለጋ ቅቤ ገዝቶ መጣ። ደግነቱ ከልቡ ነው፣ አይካድም። ውሸት ግን አብሮት ነበር።

ውሸቱ እንዲህ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ካድሬው ጓድ ታረቀኝ ከክፍል አስጠርቶት፣ «ጎሊና ወንዝ ዳር የሰፈሩትን ጃማይካዎች ባህልና አኗኗር አጥንተህ ጻፍልኝ» ብሎታል። «ገበሬ ከሆኑ ይቀመጡ። የፊውዳል ርዝራዥ ከሆኑ ግን እዚህ ምን ይሠራሉ? ለኔ መሆኑን እንዳትነግራቸው ታዲያ። ለተማሪዎቼ ነው በላቸው።»

እምቢ ማለት ይቻል ነበር? በ1971 ዓ.ም.? ይቻል ነበር የሚል ሰው ያኔ ያልነበረ ሰው ነው።

ጃማይካዎቹ ሦስት ጎጆ፣ አሥራ አንድ ነፍስ ናቸው። ሻሸመኔ የነበራቸው መሬት በአዋጁ ሲወሰድ ብዙዎቹ እዚያው ጥግ ጥጉን ይዘው ቀሩ። ሌዊና ሁለት ጓደኞቹ ግን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደዚህ መጡ። ሥራ ፍለጋ ሻሸመኔ ወርዳ ሌዊን ያገባችው ጥሩወርቅ የሮቢት ልጅ ናት፤ አባቷ አያሌው ከማሽላ ማሳቸው ጥግ ቆርሰው አስጠጓቸው። ሦስት ዓመት ሆናቸው። ሽንኩርት ይተክላሉ፣ ጎርፍ ጠልፈው ማሳ ያጠጣሉ፣ ከሰው አይጣሉም።

ነጅሙዲን ያን ቀን ብዙ አየ። ወጡ ጨው የለውም፤ ለይሉኝታ ብሎ ጨረሰው። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰንበታቸው ነውና እጃቸውን ለሥራ አያነሡም፤ ከበሮ እየመቱ ዳዊት ይደግማሉ። ልጆቻቸው አማርኛውንና የአባቶቻቸውን ቋንቋ ቀላቅለው ይጣላሉ፣ ቀላቅለው ይታረቃሉ። እንዲህ ያለ ሰላም ያለው ቤት ካየ ቆይቷል። ቅናትም ብጤ ሳይሰማው አልቀረም።

አያሌው ጎፈሬያቸው በቅቤ ወዝቶ ከማሳ መጡና የጉሎውን ቅጠል አዩ።

«መምህር፣ ለሱ ከሆነ ያመጣኸው አባክነኸዋል። ለኔ አምጣው። የአማቼ ፀጉር እንደሆነ ዝናብ የራቀው ዋልካ መሬት ነው።»

«አባባ ሁልጊዜ እንዲህ ይለኛል» አለ ሌዊ እየሳቀ። ሽማግሌው ቅቤያቸውን ይዘው ሲሄዱ ግን ሳቁን ተወ። «አንተ አስተማሪ ነህ፣ ልንገርህ። እኔ ቅቤ አልቀባም፣ ምላጭም አላስነካም። ለእግዚአብሔር የተሳልኩት ነው። ብረት ራሴ ላይ እስካልወጣ ድረስ የሱ ነኝ።»

«ነዝር ነዋ» አለ ነጅሙዲን።

«ነዝር ምንድነው?»

«በኛ በእስላሞቹ ስእለት ማለት ነው። ቀልድ አይደለም። ስእለቱን የበላ ሰው ምን ፊት ኖሮት አላህ ፊት ይቆማል?»

«እንግዲያው ገብቶሃል» አለና ሌዊ ትከሻውን ያዘው። «ሌላ አገር ሁሉ ሰው ይጠይቀኛል፤ ልጅ ድንጋይ ይወረውርብኛል። እዚህ ወንዱ ሁሉ ፀጉራም ነው፤ ማንም ምንም አይለኝም። አገሩን የወደድኩት ለዚህ ነው። ይሄን ከቤቴ ውጪ የነገርኩት ለአማቴና ላንተ ብቻ ነው።»

ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ነጠላ ገለጥ አደረገ። ከሥሩ የጃንሆይ ፎቶ ነበር። ነጅሙዲን ዞር ብሎ በሩን አየ።

«ሸፍነው» አለ። «አላየሁም። ለማንም አታሳይ፣ ወንድሜ። ለኔም ባታሳይ ይሻል ነበር።»

እሑድ ከሰዓት ቆቦ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ፎቶውን አልጻፈም፤ ያን ከጻፈ አሥራ አንዱንም በገዛ እጁ እንደቀበራቸው ያውቃል። ፎቶውን ሲተው ደግሞ ወረቀቱ ባዶ ሆነበት። ባዶ ወረቀት ይዞ ታረቀኝ ፊት አይቀረብም። ስለዚህ የቀረውን ሁሉ አሳምሮ ጻፈው፦ የጨው አልባውን ወጥ፣ የቅዳሜውን ሰንበት፣ ከሁሉም በላይ ስለ ፀጉሩ። «ምላጭ የማይነካው የቃል ኪዳን ፀጉር» ብሎ አንድ ሙሉ ገጽ ሰጠው። ሦስት ገጽ ሆነ። ለሚስቱ ለዚነት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት።

«ያምራል» አለች ዚነት። «ግን የሰው ገበና ነው። ካድሬው ምን ቤት ነው ብለህ ነው ይሄን የምትነግረው?»

«እንዲከበሩ ነው እንጂ። ስእለት ያለበት ሰው መንግሥት ይገለብጣል? ይሄን ያነበበ ይተዋቸዋል።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ዚነት ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። ብትሆን ኖሮ ጥሩ ነበር።

ማክሰኞ ጓድ ታረቀኝ ሦስቱንም ገጽ እያጣጣመ አነበበ።

«ግሩም ብዕር አለህ። እኔ እኮ ፀጉሩን እንደናንተ እንደ ራያዎቹ ጎፈሬ አድርጌ ነበር የማየው። ለካ ነገር አለበት።» ወረቀቱን አጠፈው። «ጥሩ። አብዮቱ ማንንም አያባርርም። ቅዳሜ ይላጩ። የተላጨ ገበሬ ነው፣ ይቀመጣል። ያልተላጨ ስእለቱን ይዞ ወደ መጣበት።»

«ጓድ፣ እኔ የጻፍኩት እኮ…»

«ለምን እንደጻፍክ አልጠየቅኩህም። ቅዳሜ አንተም ትገኛለህ።»

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። ነጅሙዲን ውሻው ማን እንደሆነ አወቀ። ቅዳሜ ሰንበታቸው መሆኑን እንኳ ለካድሬው የነገረው የራሱ ወረቀት ነው።

ትእዛዙ ሲደርሳቸው ሌሎቹ ሁለት ቤተሰቦች ሐሙስ ዕለት ዕቃቸውን በጭነት መኪና ጭነው ሄዱ። ሌዊ ቀረ። ጥሩወርቅ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ በዚያ መንገድ በጭነት መኪና አትሄድም። ቅዳሜ ጠዋት በገበሬ ማኅበሩ ግቢ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሚሊሻው በመቀስ ጀምሮ በምላጭ ጨረሰ። ሌዊ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ከንፈሩም ቆመ። ነጅሙዲን መሬት መሬቱን አየ። መሬቱም ላይ ያው ፀጉር ነው ያለው።

ሲወጡ ውሃ ተሸክማ የምታልፍ አንዲት ሴትዮ ሌዊን አይታ ቆመች። በሷ አገር ጎፈሬውን የተላጨ ሰው ምን እንደደረሰበት ግልጽ ነው።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ። ማን ሞተብህ?»

ሌዊ እጅ ነሥቷት አለፈ። ነጅሙዲንን ግን ክንዱን ያዝ አድርጎ፣ «ስለመጣህ አመሰግናለሁ» አለው። ከዚህ በጥፊ ቢመታው ይሻለው ነበር።

ነጅሙዲን ሮቢት ላይ ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ አውቶቡስ ሲጠብቅ ጥሩወርቅ ሆዷን ደግፋ ቁና ቁና እየተነፈሰች ደረሰች።

«መምህር፣ እንኳን አልሄድክ። ና እባክህ፣ ቤቴ ሊፈርስ ነው።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ሌዊ ያባቴን መሬት አልረግጥም፣ ዛሬውኑ እንሂድ ይላል። ስእለቱን ለካድሬው የነገረው አባቴ ነው ብሎ። ሁልጊዜ ይቀልድበት አልነበር? አባቴ እምላለሁ አለው፣ አልሰማውም። ሽማግሌው ውጪ ተቀምጦ ያለቅሳል።»

ነጅሙዲን የአውቶቡሱን መምጫ አየ። «እኔንስ… እኔን አልጠረጠረም?»

«አንተን?» ጥሩወርቅ ደነገጠች። «እኔማ ብዬው ነበር፤ ወላዲቷን፣ አፌ አመለጠኝና። ተቆጣኝ። መምህሩ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ፎቶውን ይናገር ነበር አለኝ። እሱ ወንድሜ ነው አለ። አንተን ይሰማሃል፤ አባቴ አይደለም በለው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አውቶቡሱ ከወልድያ በኩል መጣ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ፣ «ቆቦ፣ ቆቦ ባዶ ቦታ» አለ። ነጅሙዲን አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ። አባቷ አይደሉም ብሎ ብቻ ቢናገር «ማን ታዲያ?» መባሉ አይቀርም። ዝም ብሎ ቢሄድ ደግሞ ነገሩ ይሄው አልቋል፤ ሽማግሌው ይረገማሉ፣ ልጅቱ በወሯ ትሰደዳለች፣ እሱ ሰኞ ያስተምራል።

«ትገባለህ አትገባም?» አለው ረዳቱ።

«ሂዱ» አለና እግሩን አወረደ።

አያሌው ከጎጆው ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለዋል። ቀና አላሉም። ሌዊ ውስጥ ብርድ ልብሱን በገመድ ያስራል። የተላጨው ራሱ ከፊቱ ነጥቷል፤ አንድ ሁለት ቦታ ምላጩ ቆርጦታል።

«አያሌው አይደሉም» አለ ነጅሙዲን ከደጁ ሳይገባ። «ለተማሪዎቼ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው። ለካድሬው የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ስለ ፀጉርህ፣ ስለ ሰንበታችሁም።»

ጥሩወርቅ ከኋላው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሌዊ ገመዱን ለቀቀው። እንዲመታው ነጅሙዲን ጠበቀ፤ እንዲመታውም ፈለገ።

«የነገርኩህን ሁሉ ጻፍከው?» አለ ሌዊ ቀስ ብሎ።

«ሁሉንም።»

«አሳምረህ ነው የጻፍከው?»

ነጅሙዲን ለዚህ እንኳ ሊዋሽ አሰበና ተወው።

«አዎ» አለ። «አሳምሬ ነው የጻፍኩት።»