ከአፍንጮ በር ቁልቁል

አቶ ወልደሥላሴ ትራክተሩን አስነሥተው መሪውን ሲጨብጡ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የግቢው በር መሐል ቆመው አላሳልፍ አሉ።

"ቡሽራ ሳይመጣ ወዴት ነው?" የሞተሩ ድምፅ እንዳይውጣቸው እየጮሁ ነበር።

"ድንጋይ ላመጣ ነዋ!"

"እሱ እስኪመለስ ላትነቃነቅ ቃል ገብተህለት አልነበረም?"

"ቡሽራ ለአረፋ አገሩ ገብቷል። ከዘመድ አዝማዱ ተላቆ መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? እምሩ ደግሞ ትናንት ሰው ልኮብኛል። ግንበኞቹ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ዛሬ ድንጋይ ካልገባልኝ ሥራውን ለባለ ካሚዮን እሰጣለሁ ብሏል።"

"ይስጣ! ኮንትራክተር እሱ ብቻ ነው?"

"ለእኔስ ሌላ ማን አለኝ? ዞር በይ፣ ተናኜ።"

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ዞር አላሉም። ወደ ትራክተሩ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከዚህ ቆሜ ፊቴ ይታይሃል?"

አቶ ወልደሥላሴ የሚያዩት ነጩን ቀሚስ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ጭጋግ ነው። ማርሹን አስገቡና ትራክተሩን ቀስ ብለው ገፉት፤ ሚስታቸውም መንገዱን ለቀቁ።

አቶ ወልደሥላሴ መንዳት የተማሩት በጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያን ሲወጣ መንገድ ሥራ ተቀጠሩ፤ ከዚያ ወዲያ በየአገሩ ተራራ ሲንዱና አፈር ሲገፉ ጎልማሳነታቸው አለቀ። ጡረታ የወጡት በዕድሜ ነው ተባለ። እውነቱን የሚያውቁት እሳቸውና ሚስታቸው ነበሩ፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነው። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይወጣል ቢላቸውም እሺ አላሉም። አንድ የሥራ ባልደረባቸው በአንድ ዓይኑ እያየ ሆስፒታል ገብቶ በሰው ትከሻ ተመርቶ ሲወጣ አይተዋልና።

ቤት መዋል ግን አልሆነላቸውም። ጠዋት ጊዮርጊስን ተሳልመው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ መሞቅ ነው። መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር እግራቸው ፍሪሲዮን የሚረግጥ ይመስል መሬቱን ይጫናል። እንዲህ እያሉ ሳሉ፣ አትክልት ያለማ የነበረ አንድ ጣሊያን አገሩ ሊገባ ሲነሣ አሮጌ ትራክተሩን ከነተሳቢው እንደሚሸጥ ሰሙ። የጡረታ ገንዘባቸውን አራግፈው ገዙት። "ትራክተር እንደ መኪና አይሮጥም፤ በሬ ማለት ነው" አሉ ለሚስታቸው። "በሬ ለመንዳት ደግሞ ይህን ያህል ዓይን አያስፈልግም።" ሚስታቸውም የባላቸው ፊት ሲበራ ካዩ ቆይተው ነበርና አፋቸውን ያዙ።

ለጭነት የቀጠሩት ቡሽራ ነገሩን ለማወቅ ብዙ አልፈጀበትም።

"ጋሼ፣ ያቺን አህያ አላዩአትም አይደል?" አላቸው አንድ ቀን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ድንጋይ ጭነው ሲወርዱ።

"አይቻታለሁ።"

"ዝሆን ብትሆንም አያዩአትም ነበር!"

ሁለቱም ሳቁ። በማግስቱ ቡሽራ ምንም ሳይል ከተሳቢው ላይ ወርዶ ከትራክተሩ የኋላ ጎማ መከለያ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአቶ ወልደሥላሴ ዓይን እሱ ሆነ። "በግራ ሰው አለ… ቀስ… ጋሪ እየመጣ ነው… አሁን ይልቀቁት" ይላቸዋል። የሚያያቸው ሰው ሁሉ ወሬ የያዙ ነበር የሚመስለው። ቡሽራም ለማንም አልተናገረባቸውም። ለአረፋ ሲሰናበታቸው ብቻ እጃቸውን ይዞ፣ "በአላህ፣ ጋሼ፣ እስክመለስ እንዳይነቃነቁ" አላቸው።

ከሚስታቸው ተከራክረው በወጡ ዕለት፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ድንጋይ ቆፋሪዎቹ ተሳቢውን ሞልተው ሲጨርሱ አንዱ፣ "ያለ ሰው ሊወርዱ ነው? አንዳችን እናግዝዎት?" አላቸው። አቶ ወልደሥላሴ ፈራ ተባ አሉ። እሺ ቢሉ ሰውዬውን ከአጠገባቸው አስቀምጠው "እይልኝ" ሊሉት ነው። በማግስቱ ወሬው እምሩ ዘንድ ይደርሳል።

"መንገዱን ጨፍኜም አውቀዋለሁ" ብለው ተነሡ።

እውነትም ያውቁታል። ስድስት ኪሎን በደህና አለፉ። አፍንጮ በርንም፣ የራሳቸውን ቤት ደጃፍ ጭምር፣ በደህና አለፉ። ከዚያ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚያወርደውን ቁልቁለት ያዙ። የተሳቢው ክብደት ከኋላ ይገፋል፤ እሳቸውም በከባድ ማርሽ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ድልድዩ አፍ ላይ አክበረት የምትባል ሎሚና ቃሪያ ቸርቻሪ አለች። ባለፉ ቁጥር፣ "አባ ትራክተር! እንደምን ዋሉ!" ትላቸዋለች። መልኳን ለይተው አያውቁትም። ድልድዩ መቃረቡን የሚያውቁት ግን በድምፅዋ ነው።

ያን ቀን ድምፅዋ አልተሰማም። ሎሚዋ መንገዱ ላይ ተበትኖባት፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጎንበስ ብላ ትለቅም ነበር። አቶ ወልደሥላሴም ድልድዩ ገና ነው ብለው ወረዱ።

መጀመሪያ የሰሙት የሌላ ሴት ጩኸት ነው። ፍሬኑን የረገጡት ከዚያ በኋላ ነው። መሪውን ጠመዘዙት፤ ትራክተሩ ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተመ፤ ድንጋዩ ከተሳቢው ላይ እየተንከባለለ ወረደ። ከትራክተሩ ሲወርዱ ከእግራቸው ሥር ሎሚ ፈነዳ።

"ማናት? ማንን ነው?" አሉ፣ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው።

የመለሰላቸው የለም። አንድ ሰው ግን ከወዲያ፣ "ፍሬን በጥሶ ነው! ፍሬን በጥሶ ነው!" ብሎ ጮኸ። ነገሩ ካንዱ አፍ ወዳንዱ እየዘለለ ድልድዩን ተሻገረ። ፖሊስ ሲደርስ ፍሬኑ ሲበጠስ በዓይኔ አየሁ፣ በጆሮዬ ሰማሁ የማይል አልነበረም። አቶ ወልደሥላሴን የጠየቃቸው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ እየሮጡ መጡ። ወሬውን በመንገድ ሰምተውታል። አጠገባቸው ቁጭ አሉና በጆሯቸው፣ "ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች" አሏቸው። አቶ ወልደሥላሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"አላየኋትም፣ ተናኜ።"

"ዝም በል።" ሚስታቸው ክንዳቸውን ጨመቁት። "ዓለሙ ሁሉ ፍሬን ነው ብሏል። አንተ ብትታሰር እሷ አትነሣ። በዚህ ዕድሜህ ወህኒ ቤት ማን ይመራሃል? ማን ያጎርስሃል?"

ያን ጊዜ አንድ ጎልማሳ ከፊታቸው መጥቶ ቆመ። አቶ ወልደሥላሴ ከሟች ወገን መሆኑ ገብቷቸው፣ ይሽሹ ወይስ ሊመታቸው ከሆነ ቆመው ይመቱለት ሳይቆርጡ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ሰውዬው ግን አልመታቸውም። ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳማቸው።

"አብርሃ እባላለሁ። የአክበረት ወንድም ነኝ፤ እዚያው ድልድዩ ጋ ልብስ እሰፋለሁ" አለ። ድምፁ ከለቅሶ ብዛት ሰልሏል። "አባቴ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ? ብረት ነው። ብረት ሲከዳ የሰው አቅም ምን አለው? እሷም ትወድዎ ነበር። ክስ የለኝም ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎ።"

አቶ ወልደሥላሴ አፋቸውን ከፈቱ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ግን ቀድመው፣ "አንተንም ያጽናህ፣ ወንድሜ። ነፍሷን በገነት ያኑራት" አሉ። አብርሃ እጅ ነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ፤ አስከሬን የሚወስዱለት ሰዎች ይጠብቁት ነበር።

ሃምሳ አለቃ ደምመላሽ ባልና ሚስቱን ወደ ቢሮው አስገባቸው። ትሑት፣ ለስላሳ ሰው ነበር። "የአካባቢው ሰው በአንድ ቃል መስክሮልዎታል" አለ። "ትራክተሩም ከግንብ ጋር ተላትሞ ሆዱ ወጥቷል፤ ፍሬኑ ከዚያ በፊት ይበጠስ በኋላ የሚለይ መካኒክ የለም። የሟችም ወንድም እንዳዩት ነው። እርስዎም በፍሬን ምክንያት የደረሰ አደጋ ነው ብለው ይፈርሙና ቤትዎ ገብተው ይረፉ።"

ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዙሮ ብዕር አስጨበጣቸው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ነጭ ነገር ብቻ ነበር። የሚስታቸው እጅ ቀስ ብሎ መጥቶ አንጓቸውን ያዘና ወደ ወረቀቱ ግርጌ መራው። ያንን እጅ ያውቁታል፤ ጠዋት ጠዋት ቁልፋቸውን የሚቆልፍላቸው፣ ከገበታ ላይ ወጡን ወደ እሳቸው የሚያቀርብላቸው እጅ ነው። ከተጋቡም ጀምሮ ጎትቷቸው አያውቅም፤ አሁንም አልጎተታቸውም። ብዕሩ ወረቀቱን ሊነካ ሲል አቶ ወልደሥላሴ የሚስታቸውን እጅ ከአንጓቸው ላይ አነሡና በዝግታ ወደ ወይዘሮዋ ጉልበት መለሱት።

"የት ላይ ነው የምፈርመው?" አሉ።

"ከታች፣ መስመሩ ላይ።"

"አይታየኝም።"

ሃምሳ አለቃው ወደ መስኮቱ ዞረ። "ደመናው ቤቱን አጨለመው እኮ። መብራት ላብራልዎ?"

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። አቶ ወልደሥላሴ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

"መብራት አያስፈልግም፣ ልጄ" አሉ። "የአክበረት ወንድም ሳይርቅ ጥራልኝ። እሱ ባለበት ነው የምናገረው።"