ጌሪ አይጫወትም

የክሪኬት ክለቡ ፕሬዝዳንት ሚስተር ፔምበርተን «ቲና» ሲለኝ አቤት የምለው ለወንድሜ ስል ነበር። ስሜ ተናኘወርቅ ነው። ወንድሜን ግርማቸውን ደግሞ «ጌሪ» ይለዋል። እኔ ግርሜ ብለው ሌላ ነገር ነው፤ ሙሉውን አውቄ፣ ወድጄው ነው የማሳጥረው። ሰውዬው ግን አንድም ቀን ሙሉውን ሞክሮ አያውቅም። «ምላሴን ልትሰብሩት ነው!» ይልና ይስቃል፤ አብሮት የሚስቅም አያጣም። ዕድሜው ለአንቱታ ይበቃ ነበር፤ ስሜን ለማይጠራ ሰው ግን አንቱታ አላባክንም።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1977 ነው። ግርሜ ክሪኬት የለመደው አዲስ አበባ፣ እንግሊዞች ያስተምሩበት በነበረ ትምህርት ቤት ነው። ጨዋታውን አስረጂ ብትሉኝ፣ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፣ የቀረው ሕዝብ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውላል። ሎስ አንጀለስ ከመጣን ጀምሮ ሎንግ ቢች አጠገብ ለሚጫወተው ለዚህ ክለብ ዕቃ ሲሸከም፣ ውሃ ሲያቀብል ኖረ። በመጨረሻ ከካናዳ ከሚመጣ ቡድን ጋር ለሚደረግ ጨዋታ ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ተመረጠ። ያን ዕለት ፌርፋክስ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን ውስጥ በደስታ ሲዘል፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡብን።

ጨዋታው እንግሊዝና አውስትራሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠሙበትን መቶኛ ዓመት ለማሰብ የተዘጋጀ ነው። ታሪክ ተማሪ ስለሆንኩ ሚስተር ፔምበርተን ስለ ጀማሪዎቹ ንግግር እንዳደርግ ጠየቀኝ።

«ከ1877 ጀምሪና ቶሎ ጨርሺ፣ ቲና» አለኝ።

እኔ ደግሞ ከዚህ ጀምሪ ሲሉኝ ከዚያ በፊት ምን ነበር ማለት ልማዴ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳገላብጥ፣ ከአውስትራሊያ ተነስቶ እንግሊዝ አገር የተጫወተው የመጀመሪያው ቡድን የሄደው በ1868 ሆኖ አገኘሁት። ተጫዋቾቹ የአገሩ ነባር ሰዎች፣ ጥቁሮች ናቸው። በባሕር ተጉዘው፣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ አርባ ሰባት ጨዋታ ተጫወቱ። አንደኛው እዚያው ለንደን ታሞ ሞተ። ይህን ሁሉ ላደረጉ ሰዎች ነጮቹ ስማችሁ ከበደን ብለው ቅጽል ለጠፉላቸው። አንዱ «ቀይ ቆብ» ተባለ፣ አንዱ «ሁለት ሳንቲም»። ሰው ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ «ሁለት ሳንቲም» ይባላል? አንጀቴ አረረ።

ማታ ግርሜ ነጭ ሱሪውን ሲተኩስ እውነተኛ ስማቸውን ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«እትዬ፣ በናትሽ ቅጽላቸውን ብቻ ተናገሪ» አለኝ። «ሰውዬው ከተናደደ ድሮፕ ያደርገኛል። ሲሪየስ ነኝ።»

«አንተ ጌሪ ነህ እንዴ?»

«ለአንድ ቀን ብሆን ምናለበት? ኳሷን እስክይዛት ድረስ!»

እራታችንን ተኳርፈን በላን። እውነቱን ነው፤ የምናገረው እኔ፣ የሚባረረው እሱ። ግን ስማቸውን ውጬ ብቆም ራሴን የምጠላው መሰለኝ።

በጨዋታው ቀን ተጫዋቾቹ ሜዳው ዳር ተሰልፈው ሳሉ ማይክሮፎኑን ያዝኩ። 1868 ላይ ስደርስ ሚስተር ፔምበርተን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እለፊው» አለኝ። አላለፍኩም።

«ኡናሪሚን» አልኩ። «ብሪፑምያሪሚን። ይኼኛው ለንደን የቀረው ነው። ጁንጉንጂናኑኬ።»

በትክክል መጥራቴን አላውቅም፤ ግን መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ ሰንብቻለሁ። ሚስተር ፔምበርተን ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደ።

«እናመሰግናለን፣ ቲና! እነዚህን ስሞችማ ማንም አይችላቸውም» ሲል ሰው ሳቀ።

«ስሜ ተናኘወርቅ ነው!» አልኩ፣ ያለ ማይክሮፎን። «ወንድሜም ግርማቸው ነው። አቅቷችሁ አይደለም፤ ሞክራችሁ አታውቁም!»

ሳቁ ቆመ። የሰውዬው ፊት በርበሬ መሰለ። ማይክሮፎኑን አስጠግቶ፣ ረጋ ብሎ፣ «ጌሪ ዛሬ አይጫወትም» አለ።

ለዚህ ቀን ስንት ጊዜ የሰው ሻንጣ የተሸከመ ልጅ ነው፤ በአንድ አፍ እኔው አስወጣሁት። ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

ግርሜ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ቡድኑ አምበል ሄደ። አምበሉ ሊንቫል የሚባል የጃማይካ ሰው ነው፤ ኳሷ በእጁ ናት።

«ኦኬ፣ ሰምቻለሁ» አለ ግርሜ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ጌሪ አይጫወትም። ግርማቸው ግን ዝግጁ ነው።» እጁንም ዘረጋ።

ሊንቫል ፕሬዝዳንቱን አየ፣ የግርሜን እጅ አየ።

«ግር... ማ...» አለ፣ እየተንተባተበ።

«ቸው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ግርማቸው!» አለና ኳሷን ሰጠው። «ሜዳ ላይ ማን እንደሚወረውር የምወስነው እኔ ነኝ። ግባ!»

ቡድኑ ተከትሏቸው ወደ ሜዳው ገባ። ግርሜ ኳሷን ሱሪው ላይ አሽቶ ለመንደርደር ወደ ኋላ ራቀ። ሚስተር ፔምበርተን በማይክሮፎኑ «ጌሪ! ጌሪ!» እያለ መጣራቱን ቀጠለ።

ሜዳው ላይ አንድም ሰው አልዞረለትም።