የፍቅረ ሥላሴ ግራ እጅ

ፍቅረ ሥላሴ ከበሮ ሲያነግት ቢቸና ውስጥ ቆሞ የማያየው ሰው አልነበረም። አባቱ መሪጌታ ወልደ ኪዳን የደብሩ የዜማ መምህር ናቸው። ልጃቸውን ከሌሎቹ ተማሪዎች ሳይለዩ ቀጥተው ስላስተማሩት፣ እሱም እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ይላቸዋል እንጂ አባዬ ብሏቸው አያውቅም።

ግራ እጁ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቶሎ ይዝልበት ነበር። ወረቡ እየፈጠነ ሲሄድ ክንዱ ይቀዘቅዛል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ አንዳንዴም ዓይኑን ጭጋግ ይጋርደዋል። አንድ ቀን ደፈረና ነገራቸው።

«የኔታ፣ ግራ እጄ ደም የማይደርሰው ይመስለኛል። ከበሮ ስመታ ያዞረኛል።»

«ስንፍና ነው» አሉት። «መድኃኒቱም መምታት ነው።»

መታ። ዓመት ዓመት እየወለደ ሄደ። አንድ የጥምቀት በዓል ታቦቱ ሲመለስ፣ ሕዝቡ በእልልታ አገር ምድሩን ሲያናውጠው፣ ፍቅረ ሥላሴ ከነከበሮው መንገዱ መሀል በአፍጢሙ ተደፋ። ሲነቃ አፉ አፈር አፈር ይል ነበር፤ ዙሪያውን የቆሙት ግን ሊያነሡት እጃቸውን አልዘረጉም።

ወሬው ከሱ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ሳይነጻ ታቦት ፊት ቆሞ ነው የተቀሠፈው ተባለ። አንዱ ሰክሮ ነበር አለ፤ ሌላው ከሴት ቤት ሲወጣ በዓይኔ አየሁት ብሎ ማለ። ፍቅረ ሥላሴ አባቱ አንድ ቃል ይናገሩልኛል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ካህናቱ በተሰበሰቡበት ተነሡና «ንስሐ እስኪገባ ከአገልግሎት ይታገድ» አሉ።

«ምን ሠርቼ የኔታ?»

«አንተ ታውቃለህ።»

የእጮኛው የትርሲት ቤተሰቦችም ነገሩን አፈረሱና ለአንድ የግንደወይን ነጋዴ ዳሯት። እሱ አገሩን ለቆ ሞጣ እህል መጋዘን ተቀጠረ።

አንድ ቀን እዚያው ጆንያ ሲደረድር ወደቀ። ባልደረቦቹ ተሸክመው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ምስራቅ የምትባል ወጣት ሐኪም የግራ ክንዱን ግፊት ለካች፤ መለኪያው የተበላሸ መስሏት ደገመች፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ክንዱ አዛወረችው። በመጨረሻ ሁለቱንም የእጁን አንጓዎች ይዛ ትርታቸውን አመዛዘነች።

«ቀኝህ ደህና ይመታል። ግራህ ግን በጭንቅ ነው» አለችው። ለምርመራ ባሕር ዳር ላከችው።

ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጣ አስረዳችው። «ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር በአብዛኛው ሰው ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። ያንተ ወደ ቀኝ ታጥፏል። ለግራ እጅህ ደም የሚያደርሰው ቅርንጫፍ ደግሞ ገና በእናትህ ሆድ ሳለህ ከግንዱ ተለይቷል። ስለዚህ እጅህ ሥራ ሲበዛበት፣ ወደ አንጎልህ ሊደርስ የሚገባውን ደም ይሻማል። ያን ጊዜ ትወድቃለህ።»

«ስለዚህ... እኔ ያመጣሁት አይደለም?»

«አንተማ እንዴት ታመጣዋለህ? አብሮህ ነው የተወለደው።» ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ እንዳለ፣ ወረፋው ግን ረጅም መሆኑን ነገረችው። እስከዚያ እጁን እንዳያደክም አስጠነቀቀችው።

ወደ ቢቸና ተሳፈረ። አውቶቡሱ ግንደወይን ሲቆም በመስኮት አልተመለከተም። አባቱን ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኛቸውና ሁሉንም ነገራቸው።

መሪጌታ ግቢውን ዙሪያውን ቃኙ። «ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም።»

«እንዳትናገር። ኃጢአት ቢሆን ንስሐ አለው። ከማሕፀን ነው ከተባለ ግን ጣቱ ወደ ዘራችን ይዞራል። እህትህ ይርጋነሽ ገና አልተዳረችም።»

«ሐኪሟ እኮ አብዛኛውን ጊዜ በዘር አይተላለፍም ብላለች።»

«ሰው ሐኪም አይደለም።»

«የኔታ፣ ያኔ ነግሬዎት ነበር።»

«አላስታውስም» አሉ ፊታቸውን አዙረው። እንደሚያስታውሱ በዚያ ዐወቀ።

ይርጋነሽ ሁሉን ሰምታ ኖሮ በሩ ላይ ያዘችው። ግራ እጁን በሁለት እጇ ጨብጣ ትርታውን ፈለገች፤ አጣችው። ዕንባዋ መጣ።

«በኔ አሳብበው ነው። ወንድሜ፣ ለኔ ብለህ ዝም እንዳትል። አሁኑኑ ተናገር።»

በዚያው ቅጽበት የደብሩ ቄስ በበሩ ሲያልፉ አዩትና ቆሙ። «ፍቅረ ሥላሴ! መጣህ? ንስሐ ገባህ?»

ፍቅረ ሥላሴ ዞር ብሎ ከዛፉ ሥር የተቀመጡትን አባቱን አያቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሲያረጁ ልብ አላላቸውም ነበር።

«ገብቻለሁ፣ አባ» አለ።

«እሰይ! እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ!» መስቀላቸውን አሳለሙት።

ይርጋነሽ እጁን ለቀቀችና ወደ ቤት ገባች። እሱም ወደ ሞጣ የሚሄደው መኪና ሳያመልጠው ወደ መናኸሪያው ወረደ።