ትል የበላው ጎመን

ልብስ ሰፊዋ የጎመኑን ቅጠሎች አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ ወደ መስኮቱ ብታነሳቸው፣ የጠዋቱ ብርሃን በቀዳዳዎቹ አልፎ ፊቷ ላይ አረፈ። ለያየቻቸውና እንደገና ደረበቻቸው። ያው ነው። የላይኛው ቅጠል ቀዳዳ ከመሃለኛው፣ የመሃለኛው ከታችኛው ጋር ገጠመ። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ አጥፋ ባንድ መቀስ ስትቆርጥ ለኖረች ሴት ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልግም። ትል እንዲህ አይበላም። ትል ከዳር ይጀምራል፣ ይጠማዘዛል፣ ሲጠግብ ትቶት ይሄዳል። ቅጠል ደራርቦ፣ ለክቶ የሚበሳ ትል ገና አልተፈጠረም።

«እማዬ፣ ውሃው ፈላ እኮ!» አለች ልጇ ከጓዳ።

«መጣሁ» አለችና ቅጠሎቹን በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከስፌት መኪናው ሥር ወሸቀቻቸው።

ልጅቷ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም አጥታለች፤ ከሁለተኛው በኋላ ለብዙ ጊዜ ከአልጋ መነሳት እንኳ ጠልታ ነበር። አሁን ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ስለሆነ እናቷ ቤት ገብታለች፣ እናትም ቢቻላት ኖሮ ልጇ የምትተነፍሰውን አየር ሳይቀር አበጥራ ትሰጣት ነበር። ገበያ የሚመጣውን አትክልት አታምነውም። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተረጨበት፣ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ማን ያውቃል? ስለዚህ ከድልድዩ ማዶ፣ በእግር ከሚደረስበት ማሳ፣ ጎህ ሲቀድ የቆረጠውን በጋሪ የሚያመጣ ገበሬ አገኘች። የሰፈሩ ሴቶች መጀመሪያ ሳቁባት፣ በኋላ ግን አንድ በአንድ ተከተሏት።

ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። «ትል የናቀውን ሰው አይብላው» ትል ነበር፣ ጋሪው አጠገብ ቆማ፣ እንደ ዳኛ። ትል የበላው ቅጠል የተባይ መድኃኒት አልነካውም ማለት ነው። ሰፈሩ ቃሏን ተቀበለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሴቶቹ ጋሪውን ከበው ቀዳዳ ሲፈልጉ ላየ ሰው ጉድ ነው፤ ለልጃቸው ሚስት ሲመርጡ ትንሽ እንከን የሚያስደነግጣቸው ሴቶች፣ ለድስታቸው እንከን ያለበትን ይሻሙ ነበር። ልጅቷ ጎመኑ ሰልችቷት ፊቷን ስታዞር፣ «ጎመን በጤና ነው ልጄ» እያለች በእጇ ታጎርሳታለች። በእጇ።

ነጠላዋን ከምስማሩ አወረደች። ጥቅሉን ከመኪናው ሥር አውጥታ በዘንቢሏ ከተተች።

«ወዴት ነው?» አለች ልጅቷ፣ ሆዷን ደግፋ በሩ ላይ ቆማ።

«ክር ላመጣ።»

«ክር ትናንት አልገዛሽም?»

«የትናንቱ ጥቁር ነው። ነጭ አልቋል።»

ልጅቷ መኪናው ላይ የተሰካውን ሙሉ ነጭ ክር አየች፣ ከዚያ እናቷን አየች። ጥርጣሬ በዚያ ቤት በደም የሚወረስ ነገር ነው።

«ጎመኑን ልክተፈው ታዲያ?»

«ተይው። ዛሬ እንቁላል ብዪ።»

«ምነው?»

«ሰልችቶኛል ስትዪ አልነበር?»

ስንት ወር ሙሉ ስትለምን ሰሚ ያጣች ልጅ፣ አሁን በመሰማቷ ይበልጥ ተጨነቀች። እናት ግን በሩን ዘግታ ወጥታለች።

በድልድዩ ላይ ስታልፍ ከራሷ ጋር ትከራከር ነበር። ምናልባት ቅጠሎቹ ሲታሰሩ በገመዱ ተወግተው ይሆናል። ምናልባት ከጋሪው እንጨት የወጣ ምስማር ይሆናል። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ሁለት ጊዜ የደነገጠች ሴት በቀዳዳ ብትደነግጥ ምን ይገርማል? እግሯ ግን ክርክሩን አልሰማም፣ ፍጥነቱን ጨመረ። የመጨረሻዎቹን የብሎኬት ቤቶች አልፋ ወደ ማሳው የሚወስደውን ጠባብ መንገድ ያዘች። ገበሬው ደግ ፊት ነበረው። እሱን ደግነቱን ነው አሁን የጠላችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ቤቱ ከማሳው ዳር የተሠራ ባለ ቆርቆሮ ነው። ከጥላው ሥር የገበሬው ሚስት ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ የተደራረበ የጎመን ቅጠል፣ በቀኝ እጇ ወስፌ። ወጋ፣ ጠምዘዝ፣ ነቀል። ቅጠሎቹን ታነሳና ከሌሎቹ ጋር ታስራለች። ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። ቀና ስትል እንግዳዋን አየች፤ ወስፌውን በቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ልትሸሽገው ሞከረች፣ ጫፉ ግን ወጥቶ ቀረ።

«እትዬ!» አለ ገበሬው ከቦዩ ውስጥ እየወጣ። «በሰላም ነው? ምነው በእግርዎ ደከሙ?»

ዘንቢሏን ከፍታ ጥቅሉን ፈታችና ቅጠሎቹን ደርባ ወደ ፀሐዩ አነሳችለት። ብርሃኑ አለፈ። ገበሬው ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ይቀመጡ እንጂ፣ እትዬ።»

«መቆም አላቃተኝም።»

እጁን በሱሪው ጠረገ። «እውነቱን ልንገርዎት?»

«ለእሱ ነው የመጣሁት።»

«ደረቁ ወራት ሲገባ ትሉ ጠፋ። ደህናውን ቅጠል ይዤ መጣሁ፤ ትዝ ይልዎታል? ‹ይሄ መድኃኒት የነካው ነው› ብለው በሰው ፊት መለሱኝ። እርስዎ ሲመልሱ ሰፈሩ በሙሉ መለሰ። ያን ቀን ጎመኑ ጋሪው ላይ ጠውልጎ ቤቴ ገባ። ምን ላድርግ? ትል ከየት ላምጣ?»

ትዝ አላት። ቅጠሉን በሁለት ጣት አንጠልጥላ ለጎረቤቶቿ ማሳየቷ፣ እነሱም ራሳቸውን መነቅነቃቸው ትዝ አላት። የገበሬው ነገር ልክ ነበር፣ ከየትም በኩል ቢታይ ስፌቱ አይታይም። ግን ጥሩ የተሰፋ ኮት የጎበጠን ጀርባ ቀጥ አድርጎ እንደሚያሳይ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ሰውየው እንዲህ ያለውን መልስ ስንት ሌሊት አስቦበት ይሆን?

ዓይኗ ከሰውየው ትከሻ አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ። እዚያ በጀርባ የሚታዘል የመድኃኒት መርጫ ተሰቅሏል። ከቧንቧው ጫፍ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር።

«ይሄስ?»

ገበሬው ሳይዞር ምኑን እንዳለችው ገባው። «ለቲማቲሙ ነው። ጎመኑን አይነካውም።»

ቲማቲሙን አየችው። በእሱና በጎመኑ መካከል ያለው አንድ ቦይ ብቻ ነው፤ ልጅ የሚዘለው ቦይ።

«ነፋሱስ ይህን ያውቃል?»

«ነፋስ ሳይነሳ፣ በማለዳ ነው የምረጨው።»

«በማለዳ? ጎመኑንስ የምትቆርጠው መቼ ነው?»

ሚስትየው የጎመኑን ቅጠል ከጣውላው ላይ አንድ በአንድ እያነሳች መሬት ላይ ታስቀምጥ ጀመር፣ ማንም ሳያዛት።

ልብስ ሰፊዋ ቁጣዋ ሲከዳት ተሰማት፤ ከሥሩ የነበረው ፍርሃት ብቻ ቀረ። ልትናገረው ያላሰበችውን ተናገረች። «ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ሁለት ጊዜ አጥታለች። ይሄን ጎመን በየቀኑ እኔ ነኝ የማጎርሳት። እምቢ ስትለኝ እየተቆጣሁ።»

ሚስትየው ቀና አለች። «ኧረ እኛ አላወቅንም፣ እትዬ! በእግዜር፣ አላወቅንም!»

«ብታውቁ ኖሮ ምን ታደርጉ ነበር?»

ሴትየዋ ዞራ ባሏን አየች። ከማሳው ወዲያ አንድ ውሻ ይጮኽ ነበር።

«ተዉኝ እስቲ!» አለ ገበሬው በመጨረሻ፤ ቁጣው ሚስቱ ላይ ይሁን እንግዳዋ ላይ አይታወቅም። ፊቱ ቀልቷል። «እትዬ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም። ቀዳዳውን አዎ፣ በሳነው። ግን መርዝ ለሰው አላበላም። ከዚሁ ነው እኛም የምንበላው፣ ከዚሁ!» ወደ ማሳው ሁለት እርምጃ ሄዶ ከጎመኑ ለጋውን ቅጠል ቀነጠሰ። በጣቱ ያዘው፣ አራግፎ ወደ አፉ አነሳ።

«ሳታጥበው?» አለች ሚስቱ።

እጁ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ።

ማንኛዋም ሚስት የምትለው ነገር ነው። ልብስ ሰፊዋም ለሟች ባሏ ስንቴ ብላዋለች፤ ስለ አቧራው፣ ስለ ውሻው፣ ከልማድ ብቻ። በዚያ ድምፅ ውስጥ ግን ልማድ ነበረ ወይስ ሌላ ነገር? ጆሮዋ የሰማውን ደጋግማ ብታዳምጠውም መለየት አቃታት። ሚስትየው ደግሞ ያመለጣትን ቃል ልትመልሰው የምትፈልግ ይመስል ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ወይም ለልብስ ሰፊዋ እንዲያ መሰላት።

ገበሬው ሚስቱን አያት። ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ቅጠሉን በእጁ አጥፎ እንዳለ አፉ ውስጥ ከተተው፣ ማኘክም ጀመረ። ጉንጩ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀስ ነበር። አንዷ ቆማ፣ ሌላዋ ወስፌውን በጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣ፣ ሁለቱ ሴቶች እስኪውጠው ድረስ ዓይናቸውን ከጉሮሮው ላይ አላነሱም።