የቴዎርቦው አንጀት

ቢኒያም ቴዎርቦውን ከቆቦ መናኸሪያ እስከ ታሂር ቤት በባጃጅ ሲያመጣው፣ የመሣሪያው አንገት በአንድ በኩል ወጥቶ መንገደኛ ያሸሽ ነበር። ቴዎርቦ ጣሊያኖች ከአራት መቶ ዓመት በፊት ይጫወቱት የነበረ፣ እንደ ክራር በጣት የሚመታ፣ ሆዱ እንደ ግማሽ ዱባ ያበጠ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ መሣሪያ ነው። ቢኒያም አዲስ አበባ ሲማር ከአስተማሪው በስጦታ አግኝቶታል። ለአብሮ አደጉ ለታሂር ሰርግ አንድ ዜማ ደርሷል፤ ታሂር ሙሉውን ካልሰማለት ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሰርጉ ጥቂት ቀን ቀርቶት ዳሱ እየተጣለ ነበር። እንደ ወጉ በቀኝ የእስላም እርድ፣ በግራ የክርስቲያን እርድ ይበላበታል። የክርስቲያኑን ወገን የሚያስተናግዱት ጎረቤት አያ ታረቀኝ መሣሪያውን ዞረው ዞረው አዩት።

«አንተ ቢኒ፣ ክሩ ከምንድን ነው?»

«ከበግ አንጀት።»

«ማን አረደው?»

«ጣሊያን አገር ነው የተሠራው። እኔ ምን አውቄ፣ አያ?»

«እንግዲያ ለየትኛው ወገን ልትመታ ነው?»

«ኧረ አይበላም! በጆሮ ነው የሚሰማው።»

«ጆሮስ ቢሆን የአፍ ጎረቤት አይደል?» አሉ የታሂር እናት እትዬ ሀሊሜ። «ወላሂ፣ በልጄ ሰርግ እንግዳ አይቀየምም። ክሩ ይፈታ!»

ሁለት በግ ታረደ፤ አንዱ ቢስሚላህ፣ ሌላው በስመ አብ ተብሎ። አንጀቱ ታጥቦ፣ ተገምዶ፣ አጥር ላይ በቆቦ ፀሐይ ደረቀ። አጫጭሮቹ ክሮች ለእስላሙ፣ በረጅሙ አንገት የተወጠሩት ወፍራሞቹ ለክርስቲያኑ ሆኑ።

በሰርጉ ቀን ቢኒያም አጫጭሮቹን ሲመታ ቀኙ ወገን ያጨበጭባል፣ ግራው በጨዋነት ስለ ማሽላው ያወራል። ወፍራሞቹን ሲነካ ወሬው ወደ ቀኝ ይዛወራል። በመጨረሻ የታሂር ዜማ ደረሰ። የሁለቱንም ወገን ክሮች አንድ ላይ ሲመታቸው አያ ታረቀኝና እትዬ ሀሊሜ እኩል ብድግ አሉ።

«ቁም! ይሄኛውስ የማን ነው?»

ቢኒያም ቀኝና ግራውን አየ። «የሙሽሮቹ ነው። እነሱ ብቻ ይስሙት።»

ሁለቱ ተያዩ። «እንዲያ ከሆነ ደግ» አሉ አያ ታረቀኝ። ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከትተው ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩ። ዳስ ሙሉ ሰው ተከተላቸው።

ቢኒያም ለጀርባ ተጫወተ። ፊት ለፊቱ የቀሩት ታሂርና ሙሽራዋ ሳሊሀ ብቻ ነበሩ። ዜማው መሀል ሲደርስ ጀርባዎቹ ይወዛወዙ ጀመር፤ ከሁሉ ቀድሞ የእትዬ ሀሊሜ ትከሻ።

ክሮቹ ዝም እንዳሉ፣ «አለቀ?» አሉ አያ ታረቀኝ፣ ጣታቸውን ሳያወጡ።

«ገና ነው፣ አያ! አይዙሩ!» ብሎ ጮኸ ታሂር። ከዚያ ወደ ቢኒያም ጎንበስ አለና፣ «ድገመው» አለው።